የልጆች የስሜት ካርድ ልግዛ ወይ ለምትሉ፦ ከኮሮና ጊዜ ጀምሮ የተጠቀምኩበት ሰው ልንገራችሁ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የዛ የልጆች የስሜት ካርድ (ልጅ የተሰማውን በስዕል እየመረጠ የሚናገርበት) ሁለተኛ እትም ወጣ ብለው ሲያስተዋውቁ አየሁና ዋጋው 1,150 ብር ሲል በቃ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምክንያቱም የመጀመሪያውን እትም እኔ ግንቦት 2012 ላይ በ280 ብር ገዝቼው እስከዛሬ ቤቴ አለ፣ ጠርዙ ተልጧል፣ ቀለሙ ለቋል፣ ግን አለ። መልሱን መጀመሪያ ልንገራችሁና ሌላውን ጊዜ ያለው ያንብብ፦ ካርዱ ጥሩ ነው፣ አብሮት የሚመጣውን መመሪያ ግን ግማሹን ተዉት። የሻጯን ስም አልጠራም፣ ማማትም ማስተዋወቅም አልፈለኩም፣ ባለካርዷ እያልኩ ነው የምቀጥለው።

ለምን እንደገዛሁት ልናገር። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ኮሮና ያለበት ሰው ተገኘ ተባለ፣ ሰኞ መጋቢት 7 ደሞ ትምህርት ቤት ለ15 ቀን ተዘጋ። 15 ቀን! ትልቋ ልጄ ቦርሳዋን በሩ ጋ አስቀመጠችው፣ ስትመለስ ብድግ አርጋ እንድትሄድ። እኔም አላነሳሁትም። ሐምሌ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ሲገባበት አይቼ ብከፍተው ግማሽ ብስኩትና የደረቀ ዳቦ ነበረበት። ትምህርት የተከፈተው በ2013 ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፣ እሱም በፈረቃ፣ በማስክ፣ ቀን እየተከፋፈሉ።

ያኔ ትልቋ 7 ዓመቷ ነበር፣ አንደኛ ክፍል፣ ትንሹ 4። እኔ ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ቢሮዬ ከቤት ስሩ ብሎን ነበር። ባለቤቴ ደሞ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ጅቡቲ መስመር። አገሩ ሁሉ ቤታችሁ ግቡ ሲባል እነሱ ናቸው ዘይቱንም ማዳበሪያውንም ሲያመላልሱ የነበሩት፣ ምስጋናው ግን ሌላ ነበር፣ ጅቡቲ ደርሶ የመጣ ሾፌር ሲያይ ሰው መንገድ ይቀይራል። መንገድ ላይ ምርመራ አለ፣ ሰልፍ አለ፣ ውጤት ጥበቃ አለ፣ እና ሞጆ ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ቤት አልገባም አለ። እኔ አይደለሁም አትምጣ ያልኩት፣ እሱ ነው "ልጆቹን ነክቼ አንድ ነገር ቢሆኑ ምን ይውጠኛል" ያለው። ከጓደኛው ጋር እዛው ሞጆ አንድ ክፍል ተከራዩና በየዙሩ አንድ ቀን አዲስ አበባ ብቅ ይላል፣ ከፎቁ ስር ይቆማል፣ ወደላይ ያያል። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ልጆቹ በረንዳ ላይ ሆነው ይጮሃሉ፣ እሱ ከታች እጁን ያወዛውዛል፣ ሙዝና ብርቱካኑን ለጥበቃው ሰጥቶ ይሄዳል። በቃ ይሄው ነው።

ትንሹ ዳይፐር ከተወ ዓመት አልፎት ነበር። ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካን ቤታችን ዘግተን ካሳለፍን በኋላ መሰለኝ፣ ማታ ማታ መሽናት ጀመረ። እኔ ደሞ አልዋሽም "ትልቅ ልጅ አይደለህም እንዴ! አታፍርም?" አልኩት፣ አንዴም ሁለቴም አይደለም። ትልቋ እጇን መታጠብ አበዛች፣ ጎበዝ ልጅ ብለን ስናጨበጭብላት ከርመን አንድ ቀን ሳየው የጣቶቿ መገጣጠሚያ ተሰነጣጥቆ ደም ይዟል። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ የቀኑን ቁጥር የሚለጥፉበት ሰዓት ሲደርስ ደሞ ስልኬን ይዛልኝ ትመጣለች፦ "እማዬ ዛሬ ስንት ሰው ሞተ?" እንደ ኳስ ውጤት። እኔ "ምንም የለም፣ ሂጂ ተጫወቺ" እላለሁ። ከዛ ኩሽና እገባና ቧንቧውን ከፍቼ አለቅሳለሁ፣ ስወጣ አይኔን አይታ ዝም ትላለች።

ትንሹ ደሞ ሪሞቱን ጆሮው ላይ አርጎ ስልክ ሲጫወት መጀመሪያ ሃሎ አይልም። ያ ስልክ ስንደውል ከመጥራቱ በፊት ይመጣ የነበረው የኮሮና ማስጠንቀቂያ ትዝ ይላችኋል አይደል፣ እሱን በቃሉ ይዞት ሙሉውን ይልና ነው "ሃሎ አባዬ" የሚለው። ያኔ ስቀንበታል።

እንዲህ ሆነን ነው አንዲት የስራ ባልደረባዬ የካርዱን ማስታወቂያ የላከችልኝ። ብሩን ለባለካርዷ በባንክ ላኩላት፣ ሞተረኛ ግቢ በር ላይ ለጥበቃው ሰጥቶልኝ ሄደ። እንግዲህ በዛን ጊዜ ከውጪ የገባ ነገር ሁሉ ይጠረጋል፣ ሙዝ እንኳን በሳሙና ያጠብን ሰዎች ነን፣ እኔም ካርዶቹን አንድ በአንድ በአልኮል ማበስ ጀመርኩ። ማስታወቂያው ላይ ላሚኔት ነው ይላል። ላሚኔት አይደለም። ላዩ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው። ሦስቱ ቀለማቸው ተነስቶ ሶፍቱ ላይ ቀረ፣ "ኩራት" አንድ አይኑን አጣ፣ "መገረም" አፉ ጠፋ፣ አፍ የሌለው መገረም ምን እንደሚመስል አስቡት። ለባለካርዷ ስጽፍላት "እርጥብ ነገር እንዳይነካው እህቴ" አለችኝ፣ ኧረ በኮሮና ጊዜ ለልጅ የሚሸጥ እቃ እርጥብ ካልነካው ምን ሊነካው ነው? ብቻ ሦስቱን ቀይራ ልካልኛለች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሆንም ልካለች፣ ይሄን መካድ አልችልም። ልጆቹ ግን አዲሱን ኩራት አልወደዱትም፣ አንድ አይናውን ነው እስካሁን የሚጠቀሙት።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ይሄ ነው፦ 24 ካርድ፣ ባንድ በኩል ፊት በሌላው በኩል የስሜቱ ስም፣ የትንፋሽ ልምምድ ያለበት አንድ ፖስተር፣ ባለ 12 ገጽ የወላጅ መመሪያ፣ ከዛ ደሞ የድምፅ መልእክት የሚለቀቅበት የቴሌግራም ቻናል መግቢያና ከአማካሪ ጋር 30 ደቂቃ የስልክ ቆይታ። ለ280 ብር ብዙ ነው።

ችግሩ ከሌላ አገር እንዳለ ተገልብጦ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ፊቶቹ ባብዛኛው ቢጫ ፀጉር ናቸው። ይሄስ ይሁን፣ ልጅ ፊት ፊት ነው። ቃሎቹ ናቸው ያስቸገሩኝ። ጫማውን ማሰር አቅቶት የተበሳጨ ልጅ ስሎ ከኋላው "ተስፋ መቁረጥ" ይላል፣ እንዴ በኛ ቋንቋ ተስፋ ቆረጠ ማለት እኮ ሰው የሚደነግጥበት ነገር ነው፣ ብስጭት ማለት ከባድ ነበር? ፖስተሩ ላይ ደሞ "ትኩስ ቸኮሌት እንደምታቀዘቅዝ አርገህ ቀስ ብለህ ተንፍስ" ይላል። ትንሹ አንብቤለት ትክ ብሎ አየኝና "ቸኮሌት ከሞቀ ይቀልጣል እኮ" አለ። ሻይ አልነው። በአፍንጫ የሻይዋን ሽታ ሳብ፣ በአፍ ቀስ ብለህ እፍ፣ እንዳይፈስ። እውነቱን ለመናገር ከጠቅላላው ሳጥን ውስጥ በየቀኑ የሰራልን ይሄ ነው፣ ሲያለቅስ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ልጅ ያለው ሰው ይገባዋል። ተኝቶ ደሞ አሻንጉሊቱን ሆዱ ላይ አርጎ በትንፋሹ ከፍ ዝቅ እያረገ ማስተኛት አለ፣ እሱም አሪፍ ነው።

ናፍቆትን ማስገባቷን ግን አደንቃለሁ። በመስኮት የምታይ ልጅ ናት። ይሄ ካርድ ሌላው አገር ሳጥን ውስጥ ያለ አይመስለኝም፣ እሷ ራሷ አስባ የጨመረችው ነው የሚመስለኝ። ወደሱ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ አጠቃቀሙ። መመሪያው ምን ይላል፣ በየማታው ልጁን አስቀምጠህ "ዛሬ ምን ተሰማህ?" ብለህ ጠይቅ፣ ካርድ ይምረጥ። አረግን። ትልቋ የመጀመሪያ ቀን ደስታን መረጠች። በሁለተኛው ቀን ደስታ። በሦስተኛውም ደስታ፣ ያቺ እጇ የደማች ልጅ። ከዛ ነው የገባኝ፣ ፈተና መስሏታል። ልጆቻችን እኮ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት ቁጭ አርጎ ጥያቄ ከጠየቃቸው ትክክለኛ መልስ አለ ብለው ነው የሚያስቡት፣ ቲቸር ፊት እንደቆሙ፣ እና ደስታ ትክክለኛው መልስ ነው። መመሪያው ይሄን የትም ገጽ ላይ አላሰበበትም።

አራተኛው ቀን ደክሞኝ ነበር፣ መብራትም የለም፣ ሻማ አብርተናል። "ዛሬ እኔ ልምረጥ" አልኩና ፍርሃትን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም፣ እውነቱ ስለሆነ ነው መሰለኝ። "እኔ ዛሬ ፈርቻለሁ፣ አባታችሁ ስልኩ ሦስት ሰዓት ሙሉ አልሰራም ነበር፣ በኋላ ግን ደወለ" አልኳቸው። ትልቋ ፊቴን አየችና የያዘችውን ደስታ መልሳ አስቀምጣ ስትፈልግ ስትፈልግ መሰልቸትን አወጣች። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ትንሹ ገና ማንበብ አይችልም፣ በስዕል ነው የሚመርጠው፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ያለበትን አነሳ፣ ከኋላው "ጸጸት" ይላል።

"ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?" አልኩት።

"ሸንቷል" አለ።

እህቱ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ካርዱን እያገላበጠ "አባዬ ወደላይ የማይመጣው ስለሸናሁ ነው አይደል?" አለኝ።

እናንተዬ። ሁለት ወር ሙሉ ይሄን ይዞ ነው ሲተኛ የነበረው። እኔ ደሞ ጠዋት ጠዋት አታፍርም እለዋለሁ።

የዛኑ ማታ ለአባቱ ደወልን፣ ስፒከር ላይ። ነገሩን ስነግረው ዝም አለ፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ እላለሁ። ከዛ "ስማ፣ እኔ አንተን ሳክል ሁለተኛ ክፍል እስክደርስ እሸና ነበር፣ አያትህን ጠይቃት" አለው። "ወደላይ የማልመጣው ብዙ ሰው ያለበት ቦታ ስለምውል ነው፣ ጉንፋኑን እንዳላመጣባችሁ ነው፣ አንተ ምንም አላጠፋህም።" በማግስቱ መሽናቱን አቆመ ብላችሁ ደስ ባለኝ፣ አላቆመም፣ ነሐሴ ገደማ ነው የተወው። እኔ ግን ጠዋት አንሶላ ስቀይር መናገር አቆምኩ።

ከዛ በኋላ ነው የስልክ ቆይታዬን የተጠቀምኩት። ስለ አማካሪዋ በደንብ ልጻፍ ምክንያቱም ከካርዱ ይልቅ እሷ ነች የከፈልኩትን ያካካሰችው። መስመሩ ሦስቴ ተቋርጦ ሦስቴም ራሷ መልሳ ደውላልኛለች፣ 30 ደቂቃ የተባለው ሰዓት አልፏል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ መጥፎ ነገር ሲመጣ በኔ ምክንያት ነው ብሎ እንደሚያስብ፣ ዝም ካልነው ደሞ ክፍተቱን በራሱ ታሪክ እንደሚሞላው ያስረዳችኝ እሷ ናት። "ምንም የለም አትበያቸው፣ አንድ ነገር እንዳለማ ከፊትሽ ያውቃሉ። አለ በያቸው፣ አጭር አርገሽ፣ ከዛ እኛ ምን እያረግን እንዳለን ንገሪያቸው" አለችኝ። ቁጥሩን መከልከል አያስፈልግም፣ በቀን አንዴ፣ ቀን ላይ፣ አብራችሁ እዩት፣ ከመኝታ በፊት ግን ስልክም ዜናም የለም። ስለ እጅ መታጠቡ ያለችኝን እስካሁን ለሰው እናገራለሁ፦ አትታጠቢ አትበያት፣ መጨረሻ ስጫት፣ የልደት ዘፈኑን ሁለቴ ዘፍና ሲያልቅ አለቀ፣ ንጹህ ነው፣ ከዛ ቅባት ተቀቢ። ልጅቷን ያስጨነቃት መታጠቡ አይደለም፣ መቼ በቃ እንደሚባል አለማወቋ ነው። ቫዝሊን ገዝተን ቧንቧው ጋ አስቀመጥን። በሁለት ሳምንት እጇ ተሻለ። ተሻለ ነው ያልኩት፣ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ሰው ሲያስነጥስ ወደ ቧንቧ ታይ ነበር።

የቴሌግራም ቻናሉን ግን አትቁጠሩት። በሳምንት ሁለቴ የድምፅ መልእክት ይለቀቃል ተብሎ የመጀመሪያዎቹ አራቱ ጥሩ ነበሩ፣ ከዛ ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ያቺን ሰሞን ታስታውሳላችሁ፣ ሃጫሉ በተገደለ ማግስት፣ ሦስት ሳምንት ገደማ ጠፋ። ሲመለስ ቻናሉ ውስጥ የዳይፐር ማስታወቂያ ነበር። በነዛ ሦስት ሳምንታት ከትምህርት ቤት በቴሌግራም ይላክ የነበረው የቤት ስራም ቆመ፣ ልጆቹ የቀራቸው ወረቀት ብቻ ነበር። ካርዱ ባትሪ አይፈልግም፣ ኔትወርክ አይፈልግም። በዚህ ረገድ አፕ ከመግዛት አንድ ሺ ጊዜ ይሻላል።

ወደ ናፍቆት ልመለስ። ካንድ ዙር በኋላ አባታቸው መጥቶ ከታች ቆሟል፣ ልጆቹ በረንዳ ላይ ናቸው። የኮንዶሚኒየም ሰው ያውቀዋል፣ ቁልፍም ዳቦም በገመድ በፌስታል እናወርዳለን እናወጣለን። ትልቋ ምን እንዳሰበች ሳትነግረኝ ገብታ ናፍቆትን አመጣችና ፌስታሉ ውስጥ ከትታ አወረደችለት። ንፋስ ስለነበረ ፌስታሉ ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ሰዎች የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ተጠመጠመ፣ ሴትየዋ ወጥታ ፈታ ለቀቀችልን፣ ባለቤቴ ከታች እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ተቀበለው። አየው፣ ገለበጠው፣ ከኋላው ያለውን አነበበ። ማስኩን አውልቆ ፊቱን ጠረገና ወደላይ ሳያይ ሄደ። ትልቋ "ተናደደ እንዴ?" አለችኝ። በሚቀጥለው ዙር ፌስታሉ ሲወጣ ሁለት ሚሪንዳ ነበረበት፣ ካርዱ ግን አልተመለሰም።

አሁን ደሞ ካርዱ ጭራሽ ያልያዘልንን ነገር ልናገር። ሐምሌ ላይ ልጆች ግቢ ውስጥ ወጥተው መጫወት ሲጀምሩ አንዷ ልጅ ለልጄ "እናቴ ከሷ ጋር አትጫወቺ ብላኛለች፣ አባቷ ጅቡቲ ይሄዳል" አለቻት። ልጄ ሮጣ ወጥታ ሳጥኑን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ንዴትን አነሳች፣ ጣለችው። ሃዘንን አነሳች፣ ጣለችው። እፍረትን አየችው፣ እሱንም። "የለም!" አለች፣ "የኔ እዚህ ውስጥ የለም!" ምን ሆነሽ ነው ስላት ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ "ሆዴ ባሰኝ" አለች።

በእውነት የለም። ሆድ መባስ 24ቱ ውስጥ የለም። ሃዘን አይደለም፣ ንዴትም አይደለም፣ የራስህ የሆነ ሰው ሲበድልህ ወይ ማንም እንዳላሰበልህ ሲሰማህ የሚመጣ ነገር ነው፣ በሌላ ቋንቋ ምን እንደሚሉት አላውቅም፣ እኛ ጋ ግን የ4 ዓመት ልጅ ሳይቀር የሚለው ቃል ነው። ካርቶን ቆርጠን 25ኛ ካርድ ሰራን። ሆዱ ውስጥ ዝናብ የሚዘንብበት ሰው ሳለች፣ ፊት የለውም፣ ሆድ ብቻ። ይሄን ካርድ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተጠቅመንበታል፣ እኔም ጭምር። ለልጅቷ እናት ምን አልኳት? ምንም። ወዲያው ለማውራት ሆዴ አልቻለም፣ በኋላ ስንገናኝ ራሷ በክርን ሰላም አለችኝ፣ እኔም መለስኩላት፣ አለፈ።

ሌላው የሌለው ኩርፊያ ነው። ኩርፊያ የሌለበት የአማርኛ የስሜት ካርድ! በኛ ቤት በቀን ሦስቴ የሚያኮርፍ ልጅ አለ። ኩርፊያ እኮ ዝም ብሎ ንዴት አይደለም፣ ሰው የሚጠብቅ ንዴት ነው፣ ጥግ ይዞ ፊቱን አዙሮ ግን በጆሮው እግርህን የሚያዳምጥ። መመሪያው የተናደደ ልጅን "እስኪረጋጋ ብቻውን ተወው" ይላል፣ ለንዴት ይሰራል፣ ያኮረፈን ልጅ ብቻውን ብትተወው ግን እራት ሳይበላ ያድርብሃል። ያኮረፈ ይለመናል። ትንሽ ብቻ፣ ሁለት ቃል፣ ከዛ ቦታ ታስለቅቅለታለህ። ይሄን ያስተማረኝ መመሪያው አይደለም፣ እናቴ ናት።

በነፃ የሚገኝ ነገር የለም ወይ ለምትሉ፣ ነበረ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች ብዙ ድርጅቶች ጋር ሆነው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2020 ያወጡት የልጆች ተረት መጽሐፍ አለ፣ ከ104 አገር ከ1,700 በላይ ልጆችን፣ ወላጆችንና አስተማሪዎችን ጠይቀው ነው የጻፉት፣ እናቷ ሳይንቲስት የሆነች ልጅ በአየር ላይ እየበረረች ከተለያየ አገር ልጆች ጋር ስለ ኮሮና የምታወራበት። እኔ የደረሰኝ የእንግሊዝኛው ፒዲኤፍ ስለነበረ እያየሁ በአማርኛ ተረኩላቸው። ጥሩ ነው፣ ቫይረሱ ምንድነው የሚለውን ከኔ በተሻለ ያስረዳል። ግን ተረቱ የሌሎች ልጆች ነው፣ አንዴ ሁለቴ ተነቦ ያልቃል። ካርዱ ላይ ታሪኩን የሚያመጣው ልጁ ስለሆነ አላለቀብንም። ሁለቱም ቢኖራችሁ ጥሩ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል፣ ማስታወቂያው "ጭንቀትን ያክማል" ይላል፣ ይሄ ውሸት ነው፣ ካርድ አያክምም። ልጁ ለሳምንታት መብላት መተኛት ካቆመ፣ ይወድ የነበረውን ነገር ሁሉ ከተወ፣ ራሱን የሚጎዳ ወይ ብሞት ይሻለኛል የሚል ከሆነ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የአእምሮ ሐኪም ሲባል ሁላችንም አማኑኤል ብለን እንደነግጣለን፣ አማኑኤል መሄድም ነውር አይደለም፣ ግን ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው፣ ከሕፃናት ሐኪሙም መጀመር ይቻላል። 280 ብር ከፍዬ ሞክሬያለሁ ብሎ መቀመጥ አይገባም።

እንግዲህ አዲሱ እትም። ጓደኛዬ ገዝታው ሁለት ሳምንት ተውሼ ቤት አቆየሁት፣ ትንሹ አሁን 9 ዓመቱ ነው፣ አይቶ "ደህና ተሻሽሏል" አለ እንደ ትልቅ ሰው። በእውነት ተሻሽሏል። 36 ካርድ ነው፣ ላሚኔቱ የምር ላሚኔት ነው፣ በአልኮል ሞክሬዋለሁ፣ ጓደኛዬ እንዳታነብብኝ። ፊቶቹ የኛ ናቸው፣ ሹሩባ ያላት ልጅ አለች፣ ጋቢ የለበሱ አያት አሉ፣ ጥርሱ የወለቀ ልጅ አለ። ትኩስ ቸኮሌቱ ቡና ሆኗል፣ ለልጅ ቡና ምናምን የሚል ሰው ይኖራል ግን ማቀዝቀዙን ሁሉም ልጅ ያውቀዋል። ሆድ መባስም ገብቷል! በጊዜው ለባለካርዷ ፎቶ አንስቼ ልኬላት ነበር፣ ልብ ብቻ ነው የመለሰችልኝ፣ የኔ ልጅ ሃሳብ ነው አልልም፣ ሌላ ሰውም ነግሯት ይሆናል። ዝናብ ግን አለበት።

ኩርፊያም ገብቷል፣ ግን አበላሽታዋለች። ጥርሱን ነክሶ ወደ ፊት የሚያይ ልጅ ነው የተሳለው። ወደ ፊት የሚያይ አኩራፊ የት አገር ነው ያለው? ጭንቀት፣ ስጋትና መረበሽ ሦስቱም ተመሳሳይ ፊት ነው፣ ከሦስቱ ሁለቱን አውጥታ ዋጋውን ብትቀንስ ይሻል ነበር። መመሪያው ደሞ ከ12 ገጽ ወደ 40 ሄዷል፣ ማን ያነበዋል፣ እና ታሪኮቹን ለመስማት ኪውአር ኮድ ስካን አርጉ ይላል። ያው ነገርኳችሁ፣ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ነው ልጅ ብዙ የሚያስቸግረው። የስልክ ምክሩ አሁን ለብቻው ነው የሚከፈለው፣ 600 ብር፣ ያቺ አማካሪ ራሷ ከሆነች ክፈሉ፣ ሌላ ሰው ከሆነች አላውቅም።

1,150 ብር ያወጣል ወይ? የዛሬ 1,150 እና የ2012ቱ 280 ሩቅ ለሩቅ አይደሉም፣ ሽንኩርቱም እንደዛው ነው። ከ3 እስከ 9 ዓመት ልጅ ካላችሁ አዎ ያወጣል። ከዛ በላይ ከሆኑ አትድከሙ፣ ትልቋ 12 ሆናለች፣ ካርዱን ሳሳያት "እማዬ ፕሊስ" ብላ በሯን ዘጋችው፣ የትኛው ካርድ እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ብር ካጠራችሁ ደሞ ካርቶን ቁረጡ፣ ልጆቹ ራሳቸው ይሳሉ፣ ሃያ አራት አይደለም ስምንት ይበቃል፣ ሆድ መባስንና ኩርፊያን ብቻ እንዳትረሱ። እና መጀመሪያ እናንተ ምረጡ። ለአሮጌው እትም ከ5ቱ 3፣ ለአዲሱ 4፣ አንዷን ነጥብ የወሰደው ኩርፊያ ነው።

ደሞ ያገለገለ ካለሽ ሽጭልኝ ብላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ሁለት ሰዎች፣ አልሸጥም፣ ብሸጥም የተሟላ አይደለም። ኩራት አንድ አይን ነው ያለው። ናፍቆት ደሞ ሞጆና ጅቡቲ መሃል ነው፣ የመኪናው የጸሐይ መከላከያ ላይ በላስቲክ ታስሮ፣ ባለፈው ሳምንት መኪና ሲያጥቡ ረጥቦ እንደሆነ ደውሎ ሲጠይቀኝ ነበር በምን ልጥረገው ብሎ። በአልኮል እንዳትነካው አልኩት።